ከስምንተኛው ዙር የጎደሉት አሥር ሰከንዶች

አጎቴ ካውያውን ከልብስ ላይ ከማንሳቱ በፊት በግራ እጁ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። ኳ፣ ኳ። ሸሚዝም ይሁን ሱሪ፣ የሙሽራ ቀሚስም ይሁን የሆቴል አንሶላ፣ ሁለቱ ኳኳታ ሳይሰማ ካውያው አይነሳም። ደንበኞች ለምን እንደሚያንኳኳ ሲጠይቁት፣ «ልብሱን ላስጠነቅቀው ነዋ፤ ሳይዘጋጅ እንዳልለየው» ይላቸዋል። እነሱ ይስቃሉ። እሱ የሚስቀው በቅንድቡ ብቻ ነው።

ልማዱ የመጣው ከሌላው ሥራው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ይተኩሳል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቦክስ ውድድር ሰዓት ያዥ ነው። ወይም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በዚህ የተነሳ ሰው ሁሉ ስሙን ረስቶ «ጋሽ ደወል» ይለዋል። አክስቴ እንኳ ስትቆጣው «ስማ አንተ ደወል!» ትላለች።

የሰዓት ያዥ ሥራ ከውጭ ላየው ምንም የለውም። ጠረጴዛው ከመድረኩ ሥር ተጠግቶ ይቀመጣል፤ የቡጢኞቹ እግር ከሰዓት ያዡ ፊት አንድ ክንድ አይርቅም። በቀኙ ደወል፣ በግራው የእንጨት ጉማጅ፣ መሃል ላይ ሁለት ሰዓቶች አሉ፤ አንዱ ቢቆም ሌላው እንዲመሰክር። አንድ ዙር ሦስት ደቂቃ ነው። ሊያልቅ አሥር ሰከንድ ሲቀረው ሰዓት ያዡ በጉማጁ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ይመታል። ይህ ለመሃል ዳኛው «ተዘጋጅ» ማለት ነው። አሥሩ ሰከንድ ሲሞላ ደወሉ ይደወላል። በቃ፣ ይኸው ነው። «ሕዝቡ እኔ እዚያ መኖሬን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ከገባ ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ ማለት ነው» ይል ነበር አጎቴ።

ያን ቅዳሜ ግን ሕዝቡ ወደ ቤቱ የገባው ሌላ ነገር ተሸክሞ ነው።

እኔና አክስቴም ሄደን ነበር፤ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ። የሚገጥሙት ሽውታ እና ናዳ ናቸው። የሁለቱም ቅጽል ስም ከባሕርያቸው የወጣ ነው። ናዳ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ መሄድ የማያውቅ፣ ትከሻው ከበር የሚሰፋ ልጅ ነው። ሲመጣ መድረኩ ይጠብበታል። ሽውታ ቀጭን ነው። ቆሞ አይጠብቅም፤ ጭንቅላቱ አሁን ነበረ፣ አሁን የለም። ናዳ አሥር ይሰነዝራል፣ ሽውታ አንድ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሰባቱ ዙሮች እንዲህ አለፉ። የናዳ ቡጢ ጓንት ላይ፣ ክንድ ላይ፣ አየር ላይ ሲያርፍ፣ የሽውታ ግራ እጅ ናዳ አፍንጫ ላይ ቀስ ብሎ ደርሶ ይመለሳል። እኔ በጣቶቼ መሃል ነበር የማየው።

ስምንተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ናዳ ያዘው። ሽውታን ከጥግ ጋር አጣበቀው፤ ያም ጥግ በትክክል ከአጎቴ ጠረጴዛ በላይ ያለው ነው። የሽውታ መከላከያ እጆች ወረዱ። ጭንቅላቱ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ መጣ፤ አሁን ግን እሱ ራሱ አልነበረም የሚያንቀሳቅሰው። አክስቴ ክንዴን ጨመቀችው፤ የጥፍሯ ምልክት ሦስት ቀን ሳይጠፋ ቆይቷል። ሕዝቡ ብድግ አለ። ያኔ ደወሉ ተደወለ።

የመሃል ዳኛው ራሱ ደንግጦ ወደ ጠረጴዛው ሲዞር አይቼዋለሁ። ምን እንዳስደነገጠው ግን ያን ጊዜ አልገባኝም።

ሽውታ ተቀመጠ፣ ውሃ ፈሰሰበት፣ ተነሳ። በዘጠነኛውና በአሥረኛው ዙር ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ፤ ናዳ አልመጣም። እጁን በግማሽ አንስቶ ዞረ፣ ዞረ። ሽውታ በሩቁ ነጥቡን ለቀመ። ሦስቱም ዳኞች ድሉን ለሽውታ ሰጡ።

ሰኞ ጠዋት ላውንደሪው ውስጥ ክርክሩ የተጀመረው ገና ካውያው ሳይሞቅ ነው። በየሰኞው አምስት ሸሚዝ ይዞ የሚመጣው የሒሳብ መምህር ባንኮኒውን ተደግፏል። የታክሲ ሾፌሩ ለአንድ ሱሪ መጥቶ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። እኔ ልብስ ላይ የቁጥር ምልክት እሰፋለሁ። አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶን ኮሌታ ይተኩሳል።

«በሰፊው!» አለ መምህሩ። «ከአሥር ዙር ስምንቱን ነው የወሰደው። ያ ማሸነፍ አይባልም፣ ማስተማር ነው።»

«ምኑን ነው ያስተማረው? ሩጫ?» አለ ሾፌሩ። «ሰው እየሸሸ በሰፊው ያሸንፋል? እንደሱማ ከሆነ እኔ ትራፊክ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ሻምፒዮን ነኝ።»

«መሸሽ ሳይሆን አለመመታት ይባላል። አንተ የምትቆጥረው የተሰነዘረውን ነው። ዳኛ የሚቆጥረው ያረፈውን።»

«እሺ፣ ስምንተኛው ላይ ያረፈውን ቆጠርከው? ወይስ ያኔ ዓይንህ ውስጥ ጠመኔ ገብቶ ነበር?»

«አንድ ዙር ነው። ናዳ ከወሰዳቸው ሁለት ዙሮች አንዱ ስምንተኛው ነው፤ እሱን እሰጥሃለሁ። ሌላ የምጨምርልህ የለም።»

«አንድ ዙር! ደወሉ ባይደርስለት ኖሮ ዘጠነኛ የሚባል ዙር አይኖርም ነበር። በዝረራ ነበር የሚያልቀው። ለጥቂት ነው የተረፈው፤ አንተ በሰፊው ትለኛለህ። ጋሼ፣ እርስዎ ከእግራቸው ሥር ነበሩ፣ እስቲ ይፍረዱን።»

አጎቴ አልዞረም። «እኔ ሰዓት ነው የያዝኩት» አለ።

«ደወል ለማንም አያደላም» አለ መምህሩ። «ሦስት ደቂቃ ለሁለቱም እኩል ሦስት ደቂቃ ነው። ደግሞ ጥግ ላይ የተያዘው የመጨረሻዋን ሃያ ሰከንድ ብቻ ነው። አንተ ግማሽ ቀን ያህል አስረዘምከው።»

ሾፌሩ ስልኩን አወጣ። «ሃያ ሰከንድ? ዙሩን ከደወል እስከ ደወል ቀርጬዋለሁ። ና፣ ቁጠራት።»

«አምጣ። ሒሳብ ከኔ ጋር?»

ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው አቆሙት። መምህሩ የእጅ ሰዓቱን ፈቶ አጠገቡ አስቀመጠ። ደወል። ሁለቱም ተጎንብሰው አዩ፤ ሾፌሩ በየቡጢው «ኧረ! ኧረ!» ይላል። ደወል። መምህሩ ሰዓቱን አንስቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

«ስንት ሰከንድ ተያዘ?» አለ ሾፌሩ።

«ቆይ። ተሳስቻለሁ። እንደገና ክፈተው።»

እንደገና ከፈተው። መምህሩ መጨረሻው ላይ ሰዓቱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ መሥራት አለመሥራቱን አዳመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ልጄ፣ እስቲ አንቺ በስልክሽ ያዢው። ከደወል እስከ ደወል።»

መርፌውን ትቼ ያዝኩት። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። ጣቴ የዘገየ ስለመሰለኝ ሌላ ጊዜ ያዝኩት። ያው ነው። ስልኩን አዙሬ አሳየኋቸው።

አጎቴ የካውያውን ሶኬት ነቀለ። በሥራ ሰዓት ሲነቅለው አይቼ አላውቅም።

«አትድከሙ» አለ። «አሥር ሰከንድ ነው። እኔ ከቅዳሜ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ልብስ ማጠቢያው ማሽን ብቻ ከጓዳ ይሽከረከራል።

«እንጨቱን መምታት ሲገባኝ ደወሉን መታሁ» አለ አጎቴ። «እጄ ተሳሳተ።»

ሾፌሩ ከወንበሩ ተነሳ። ከልጅነቱ ጀምሮ አጎቴን «እርስዎ» ከማለት ሌላ የማያውቅ ሰው ነው። «ሃያ ሁለት ዓመት ያልተሳሳተ እጅ» አለ፣ «ሽውታ ሊወድቅ ሲል ብቻ ተሳሳተ? ማን አዘዘህ?»

ማን አዘዘ*ህ*። እኔ ከአሥሩ ሰከንድ ይልቅ በዚች ቃል ደነገጥኩ። መምህሩም «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ቀስ!» አለ። ሾፌሩ ያልተተኮሰ ሱሪውን ከክምሩ ውስጥ ጎትቶ፣ ቁጥሩ እንደተንጠለጠለበት ይዞት ወጣ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቪዲዮው ሰው ሁሉ እጅ ገባ። ከሰዓት በኋላ አንዱ በላውንደሪው በር ላይ በጠመኔ «2:50» ብሎ ጽፎ ሄደ። አጎቴ በእርጥብ ጨርቅ አጠፋው፤ በማግስቱ ደግሞ ተጽፎ ጠበቀን። «ስንት ሰጡህ?» እያለ በመስኮት የሚጮህ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሽውታ በሰፊው አሸነፈ ሲሉ የነበሩት ሰዎች አሁን በጭራሽ አላሸነፈም ማለት ጀመሩ። አንዱ ዙር ሌሎቹን ዘጠኝ ዙሮች ዋጣቸው።

አክስቴ የሰማችው ከጎረቤት ነው። የዚያኑ ሰኞ ማታ ወደ ቤት ስንገባ ሳሎን መሃል ቆማ ጠበቀችው።

«ሁለት ቀን ሙሉ» አለች። «ሁለት ቀን ሙሉ ከአጠገቤ ቁጭ ብለህ፣ አውቀህ፣ ዝም?»

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ስንሞት?»

«አፌን በከፈትኩ ቁጥር ‘ምን ልስጥህ፣ ራበህ?’ ትይኛለሽ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። «እኔን እያየህ ንገረኝ፤ ተሳስተህ ነው?»

«እጄ ተሳሳተ።»

«እኔን እያየህ አልኩህ እኮ!»

አላያትም። አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ ሲዋሽ ያየችው ያኔ ገና መጀመሪያዋ እንደሆነ ከፊቷ አነበብኩ። አጎቴ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ ለቦክስ ፌዴሬሽኑ በራሱ እጅ ጻፈ፤ በስምንተኛው ዙር አሥር ሰከንድ ማጉደሉን አምኖ፣ እንዲጠሩት ጠየቀ።

ሐሙስ ጠዋት ጠሩት። አክስቴ «እኔ ሄጄ የሚሉህን መስማት አልችልም» ስላለች አብሬው የሄድኩት እኔ ነኝ። ክፍሉ ከስፖርት አዳራሽ በላይ ነው፤ ከሥር የኳስ ድምፅ ይመጣል። ሰብሳቢዋ ቀድሞ የመሃል ዳኛ የነበሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሴት ናቸው። በአንድ ወገን ሽውታ ተቀምጧል፤ ከዓይኑ ሥር ያለው እብጠት ወደ ቢጫ ተለውጧል። በሌላው ወገን ናዳና አሠልጣኙ አሉ። ናዳ ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር ከቶ ተቀምጦበታል፤ ክፍል ውስጥ እንደተቀጣ ተማሪ።

አሠልጣኙ ቀድሞ ተነሳ። «እነዚያ አሥር ሰከንዶች የኛ ነበሩ! አንድ ሦስት ቡጢ ነበር የሚቀረው። ውጤቱ ይሰረዝ፣ ግጥሚያው ይደገም። ይህ ሰውዬ ደግሞ ማን እንደላከው ይናገር!»

ሰብሳቢዋ በእጃቸው አስቀመጡት። «ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ስህተት ነው ወይስ አውቀው ነው የደወሉት? ስህተት ከሆነ ውጤቱ ይጸናል፣ እርስዎ ግን ወንበሩን ይለቃሉ። አውቀው ከሆነ ምክንያትዎን ይነግሩናል፣ ግጥሚያውም ይደገማል። ልንገርዎት፤ ሰው የሚያወራብዎትን የሚያነሳልዎት ምክንያትዎ ብቻ ነው። ስህተት ነው ብለው ከወጡ ሐሜቱ አብሮዎት ይኖራል።»

አጎቴ ወደ ናዳ ተመለከተ። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። ናዳ ወለሉን ነበር የሚያየው።

«ስህተት ነው» አለ አጎቴ። «እጄ ተሳሳተ።»

ሰብሳቢዋ መልሱን ጻፉ። ከዚያ ወደ ሽውታ ዞሩ። «አንተ ከዚያ ዙር የምታስታውሰውን ንገረን።»

«ስምንተኛውን?» ሽውታ ጉንጩን ነካ። «ሰባተኛውን አስታውሳለሁ። ከዚያ ተቀምጬ ውሃ ሲያፈሱብኝ አስታውሳለሁ።» ትንሽ አሰበ። «መሃሉ የለም።»

«የለም ማለት?»

«የለማ። ቪዲዮውን ሳየው ሌላ ሰው ነው የመሰለኝ።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«ናዳ፣ አንተስ? ግጥሚያው እንዲደገምልህ ትፈልጋለህ?»

«አልፈልግም።»

«ምን አልክ?» አለ አሠልጣኙ።

«አልፈልግም። አሸንፎኛል።» ናዳ አሁንም ወለሉን እንዳየ ነው። «በሰፊው ነው ያሸነፈኝ።»

«በሰፊው? አንተ ልጅ፣ ጤና ነህ? ሰውዬው መሃሉ የለም እያለህ!»

«ለዚህ እኮ ነው» አለ ናዳ።

ውጤቱ ጸና። አጎቴ ከወንበሩ ተነሳ። ሁለቱን ሰዓቶች ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፣ ፈረመ፣ ለሰብሳቢዋ ጎንበስ አለ፣ ወጣን። ደረጃው ላይ «ደከመሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔን።

ስብሰባው ላይ የተባለው ሁሉ በሰፈሩ ተሰማ፤ ላውንደሪው ውስጥ ያለው ክርክር ግን ጭራሽ ተገለበጠ። መምህሩ በሚቀጥለው ሰኞ አምስት ሸሚዙን አስቀምጦ ቆመ። የአሸናፊነቱን ማረጋገጫ ከተሸናፊው አፍ ያገኘ ሰው እንዴት እንደሚኩራራ ለመስማት ስጠብቅ፣ «እኔ አሁን አምስት ለአምስት ብዬዋለሁ» አለ። «መሃሉ የሌለውን ሰው በሰፊው አሸነፈ ማለት ከበደኝ።»

ሾፌሩ ከበሩ ላይ ነበር። ያን ሱሪ በእጁ ይዞ፣ መግባት ፈርቶ። «ራሱ ናዳ በሰፊው ነው ካለ ያለቀ ነገር ነው» አለ። «እኔ ምን አግብቶኝ ነው ከሱ በላይ የምጮኸው?»

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለች የታጠበ ልብስ ልትወስድ የመጣችው አክስቴ። «ቦታ ተለዋወጣችሁ እንዴ?»

ሾፌሩ ሱሪውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። «ጋሼ» አለ፤ «እርስዎ... ይተኩሱልኛል?»

አጎቴ ቁጥሩን አየ። «ቁጥሩ እንኳ አልወለቀም» አለና ከተራው አስቀመጠው። በዚህ ታረቁ። ሌላው ሰው ግን አልታረቀም። በሩ ላይ እስካሁን አልፎ አልፎ ይጻፍበታል፤ አጎቴ ያጠፋዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሁን አክስቴን ይዞ ዘመድ ይጠይቃል። ውድድሩ የሚጀመርበት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወሬ ያቋርጣል፤ አክስቴ ምን እንደሆነ አውቃ ጉልበቱን ትይዝለታለች።

ስለ እሱ መጻፍ እንደምፈልግ ስነግረው ሸሚዝ ገልብጦ ትከሻውን ሲያስተካክል ነበር። አልተቃወመም። «ጥፋቴን አትደብቂ» አለኝ። «ወንበሩን እንደተነጠቅኩም ጻፊ። አንድ ነገር ግን ተይልኝ። ያ ልጅ የሚኖረው ሰው ስለሚፈራው ነው፤ ይህ ከተሰማ መድረክ ላይ ማንም አይፈራውም።» ከዚያ ለማንም፣ ለአክስቴም ያልተናገረውን ነገረኝ። እስከ ባለፈው ወር ድረስ ጠብቄዋለሁ። ባለፈው ወር ናዳ ቦክስን በቃኝ ብሎ ጓንቱን ለክለቡ መለሰ።

ያ ጥግ ከአጎቴ ራስ በላይ ነበር። ሕዝቡ ስለሚጮህ ከመጀመሪያው ረድፍ እንኳ የሚሰማ የለም፤ እሱ ግን ከእግራቸው ሥር ነው። የግራ እጁ እንጨቱን አንስቷል። ናዳ ግንባሩን ከሽውታ ጆሮ ጋር አጋጥሞ እየመታ ነበር፤ እየመታም ያለቅስ ነበር። የጥርስ መከላከያው ቃሉን እያኘከበት በየቡጢው መሃል የሚለው ይህን ነው፦

«ውደቅ ወንድሜ። በእናትህ፣ ውደቅልኝ። ማቆም አቃተኝ።»